ከማጉረስ እስከ ማቀባበል፤ የጠብመንጃ መዝጊያ በአርሲ ደጋ

በውጭ አገር ለከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃ በተጨማሪነት እየተሠራ የሚሸጥ አንድ ትንሽ ብረት አለ። ርዝመቱ ከአመልካች ጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ክብደቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥራው ይህ ነው፤ ጥይት ያለቀበት ጠብመንጃ መዝጊያው ወደ ኋላ እንደ ተከፈተ ይቆማል፤ ተኳሹ ባዶውን ካዝና አውጥቶ ሙሉውን ከከተተ በኋላ መዝጊያውን ከያዘው ምላስ ማላቀቅ አለበት፤ ምላሱ ግን ትንሽ ከመሆኑም በላይ ለእጅ ስለማይመች፣ ይህ ብረት በእርሱ ላይ ተቀጥሎ ወደ ጣት ያቀርበዋል። የሚያተርፈው ጊዜ ከአንድ ሰኮንድ በታች ነው። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ብረት ሥራ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ማረሻን ወይም ወፍጮን ትቼ ይህን ኢምንት ነገር መምረጤ ለአንዳንድ የማኅበራችን አባላት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በባዶ ጠብመንጃና በጎረሰ ጠብመንጃ መካከል ያለው ጊዜ በአርሲ ደጋ ላይ አንድ ዘመን የሕዝብን ዕጣ የወሰነ ነገር ስለ ነበረ፣ ይህችን የሰኮንድ ክፋይ ከሥሯ ጀምሮ መመርመር ይገባል እላለሁ።

ከቋንቋችን እንነሣ። አማርኛ ስለ ጠብመንጃ ሲናገር ሁለት ግሦችን ያዘወትራል። አንደኛው «አጎረሰ» ነው። ጠብመንጃው በማዕድ እንደ ተቀመጠ እንግዳ አንድ አንድ ጉርሻ በእጅ ይሰጠዋል። ሁለተኛው «አቀባበለ» ነው፤ ይኸውም አንዱ ለሌላው እንዲያቀብል ማድረግ ነው፤ ካዝናው ጥይቱን ለመዝጊያው፣ መዝጊያውም ለበርሜሉ ያቀብላል። የፊተኛው ግሥ የእጅን ሥራ፣ የኋለኛው የመሣሪያን ሥራ ያመለክታል። መዝጊያውን ከቆመበት ለሚያላቅቀው ምላስ ግን ባለሙያው ሁሉ የተስማማበት የአማርኛ ስም ሰምቼ አላውቅምና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «መልቀቂያ» እለዋለሁ። ዘመኑንም በተመለከተ «ዓ.ም.» ያልሁት በእኛ፣ «እ.ኤ.አ.» ያልሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ጭላሎ ራሱ ከ4000 ሜትር ይዘላል። ዛሬ መንገደኛው በግራና በቀኝ የሚያየው የስንዴና የገብስ ማሳ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ይህ ደጋ ከሁሉ በፊት የከብትና የፈረስ አገር ነበረ። የአርሲ ኦሮሞ ጦረኛ ፈረሱን፣ ጦሩንና ጋሻውን ይዞ ይወጣል። የሚዋጋበትም ስልት ከመሣሪያው ጋር የተስማማ ነበረ፤ ከገደልና ከጫካ ድንገት መውጣት፣ በሌሊት ሰፈርን መምታት፣ በቅርብ ርቀት ተደባልቆ መዋጋት። ሩቅ ሆኖ የሚገድለውን ጠላት ወደ እጁ ማቅረብ ነበረበት ማለት ነው።

አሁን ለባለሙያ የሚስማማ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ጠብመንጃ የያዘ ወታደር አንድ ጊዜ ከተኰሰ በኋላ ባሩዱን መክተት፣ እርሳሱን ማስገባት፣ በዘንግ መጠቅጠቅ፣ መለኰሻውን ማሰናዳት አለበት። የሠለጠነ እጅ ይህን በ20 ሰኮንድ ቢፈጽመው መልካም ነው። በሙሉ ኃይሉ የሚጋልብ ፈረስ በሰኮንድ 10 ሜትር ያህል ይሄዳልና በዚያ ጊዜ ውስጥ 200 ሜትር ይቈርጣል። የእነዚያ ጠብመንጃዎች ጥይት ደግሞ ከ100 ሜትር ወዲያ ዒላማውን ማግኘቱ ዕድል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ተኩስ ያለፈ ፈረሰኛ ሁለተኛው ሳይደርስበት ከተኳሹ ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጦርና የጎራዴ ጉዳይ ነው። በክረምት ደግሞ ጉሙና ዝናቡ ባሩዱን ስለሚያረጥበው ደጋው ለባለ ፈረሱ ያደላል። የጦረኛው ድፍረት የተመሠረተው በዚህች 20 ሰኮንድ ላይ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ድፍረት ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ነበረ፤ ክፍተቱን ያውቀዋልና።

ይህን ክፍተት ያጠበበው ከኋላ የሚጎርስ ጠብመንጃ ነው። ረሚንግቶን የተባለው የአሜሪካ ጠብመንጃ አሠራሩ ለብረት ሠራተኛ ደስ የሚያሰኝ ነው። መምቻውን ወደ ኋላ ይስቡታል፤ ከበስተ ፊቱ ያለውን የሚዞር ድፍን ብረት እንዲሁ ያዞሩታል፤ የበርሜሉ የኋላ አፍ ይከፈታል፤ በናስ ቀለህ ውስጥ የተሠራውን ጥይት ከትተው ብረቱን ይመልሱታል። መምቻው ሲወርድ ከድፍኑ ብረት ሥር ገብቶ ስለሚደግፈው፣ ተኩሱ ብረቱን ወደ ኋላ በገፋው ቍጥር መቈለፊያው ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ሞላውና ብሎኑ ጥቂት፣ የሚሰበር ነገሩም ጥቂት ነው። በመጠነኛ ልምምድ በደቂቃ 10 ጊዜ ይተኰስበታል፤ ይኸውም በየ6 ሰኮንዱ ማለት ነው። ፈረሰኛው 200 ሜትር ሲጋልብ የሚጠብቀው አንድ ተኩስ መሆኑ ቀርቶ ሦስት አራት ሆነ። የናሱ ቀለህ ደግሞ ባሩዱን ከዝናብ ጠበቀው። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ በደጋ አገር ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው የሚያንስ አልነበረም።

ረሚንግቶን በአገራችን በብዛት የታወቀው የግብጽ ሠራዊት በጉንደት (ኅዳር 1868 ዓ.ም.) እና በጉራዕ (መጋቢት 1868 ዓ.ም.) በዓፄ ዮሐንስ ጦር በተሸነፈ ጊዜ ነው፤ በሺሕ የሚቈጠር ጠብመንጃ ተማረከ። በሸዋም ንጉሥ ምኒልክ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ከፈረንሳይና ከጣልያን ነጋዴዎች በዝሆን ጥርስና በሌላም ሸቀጥ ልዋጭ መሣሪያ ያስመጡ ነበር። ወደ ደቡብ የተደረገው ዘመቻ የቆመው በዚህ መሣሪያ ላይ ነው፤ ዘመቻውም በተራው ሌላ መሣሪያ የሚገዛበትን ሀብት ያመጣ ነበር።

የአርሲ ዘመቻ እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 ድረስ ቆየ። ይህን ያህል መቆየቱ ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። በአንድ ወገን ከኋላ የሚጎርስ ጠብመንጃ፣ በሌላው ወገን ጦርና ጋሻ ሆኖ ሳለ፣ ንጉሡ ራሳቸው የመሩት ዘመቻ ጭምር ደጋውን በአንድ ጊዜ ለማስገበር አልቻለም። ሠራዊቱ ሲመጣ አርሲ ይበተናል፤ ሠራዊቱ ሲሰፍር በሌሊት ይመጣል። ጨለማ የረሚንግቶንን 6 ሰኮንድ መልሶ 20 ያደርጋታል፤ በማይታይ ዒላማ ላይ ፈጥኖ መተኰስ ጥይት መፍጀት ብቻ ነውና። ሌንጂሶ ዲጋን የመሳሰሉ የአርሲ መሪዎች አንገዛም ብለው የጸኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። ያ መሣሪያ የት እንደሚበረታና የት እንደሚደክም በአራት ዓመት ውስጥ በደም ተምረውታል።

ዘመቻውን በመጨረሻ የመሩት የንጉሡ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። በጳጉሜን ወር 1878 ዓ.ም. አዙሌ በተባለው ቦታ የአርሲ ጦር በብዛት ተሰብስቦ ገጠማቸው። በሌሊትና በጫካ ሲሠራ የቆየው ስልት በዚያን ዕለት ቀርቶ፣ ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ በጠብመንጃ ፊት ቆመ። የአርሲን ታሪክ የመረመሩ ጸሐፊዎች በአዙሌ ያለቀውን ሰው እስከ 12 ሺሕ ያደርሱታል። ከዚህ በኋላ የተደራጀው መቋቋም ተሰበረ፤ ራስ ዳርጌም የአርሲ ገዥ ሆኑ። በአርሲ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ ከድሉ በኋላ በአኖሌ የብዙ ሰው እጅና የሴቶች ጡት እንደ ተቈረጠ ይናገራል። ስለዚሁ ነገር በታሪክ ጸሐፊዎች መካከል ያለው ክርክር አልቆመም፤ በሄጦሳ ወረዳ በአኖሌ የቆመው መታሰቢያ በ2006 ዓ.ም. ሲመረቅም ክርክሩ ታደሰ እንጂ አልበረደም። እኔ የምጽፈው ስለ ብረት ስለ ሆነ በክርክሩ ውስጥ አልገባም፤ ነገር ግን ስለ መዝጊያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከመዝጊያው በስተ ፊት የቆመውን ሰው ሳይጠቅስ ቢያልፍ ግማሹን ብቻ ጻፈ ማለት ነው።

ምኒልክ ይህን ሁሉ መሣሪያ እንዴት ሊያገኙ ቻሉ ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው በአውሮፓ የጦር ግምጃ ቤቶች ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በየ10 እና በየ15 ዓመቱ የመዝጊያ አሠራር ይለወጥ ነበረ። መዝጊያው ሲለወጥ ያለፈው ጠብመንጃ በመቶ ሺሕ ሆኖ ይጣላል፤ የተጣለውን ነጋዴ በርካሽ ገዝቶ ወደ አፍሪካ ይጭነዋል። ባለቅኔው አርተር ረምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ያመጣው 2 ሺሕ ያህል ጠብመንጃ የዚህ ዓይነት ነበረ። በአውሮፓ ጥቂት ፍራንክ የማያወጣ፣ ጊዜው ያለፈበት ባለ ካፕሱል መሣሪያ ነው። ንጉሡ ሐረርን ከያዙ በኋላ የተሻለ መሣሪያ በእጃቸው ስለ ነበረ፣ ረምቦ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ቀረ። (በግጥሙ ያደነቁት ሁሉ በንግዱ ሲያዝኑለት ይገርመኛል፤ ከሁለቱ ወገን ማን ያሳዝናል?)

ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበል የተባለውን ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኵስ ጠብመንጃ ስትይዝ፣ ከዚያ በፊት የነበረው የ1874ቱ ግራ በገፍ ተለቀቀ። ፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ» የሚሉትን ሕዝባችን «ውጅግራ» ብሎ አማርኛ አደረገው። ውጅግራ መዝጊያው እንደ በር መቀርቀሪያ ነው። እጀታውን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ መሳብ፣ ጥይት ማጉረስ፣ ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ታች መቈለፍ። በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ምንሽርና መውዜር ሁሉ የዚሁ መቀርቀሪያ ልጆች ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የተሰለፈው ሠራዊት እጅ ላይ ውጅግራና ረሚንግቶን በብዛት ነበሩ። አርሲን ያስገበረው ዓይነት መዝጊያ ጣልያንን መለሰ፤ ብረት ወገን የለውም።

የሚቀጥሉትን 40 ዓመታት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ባለ ካዝናው መቀርቀሪያ ጠብመንጃ አምስት ጥይት በአንድ ጊዜ ጎርሶ በእጅ ይቀባበላል፤ ክፍተቱም ወደ 2 እና 3 ሰኮንድ ወረደ። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲመጣ የአርበኛው መሣሪያ በአብዛኛው ይህ ነበረ፤ ጠላት ግን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ መጥቷልና የመዝጊያው ፍጥነት ብቻውን የሚፈይደው ነገር አልነበረም።

በዚያው በ1936 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሠራዊት ጆን ጋራንድ የፈለሰፈውን ከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃ «ኤም 1» ብሎ ተቀበለ። በዚህ ጠብመንጃ ላይ ማቀባበል የእጅ ሥራ መሆኑ ቀረ። ጥይቱን የሚገፋው የባሩድ ጋዝ በበርሜሉ ጫፍ አጠገብ ጥቂቱ ተቀንሶ አንድ ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዘንጉ መዝጊያውን ከፍቶ ባዶውን ቀለህ ያስወጣል፤ የተጨመቀው ሞላ ሲመለስ መዝጊያው ሌላ ጥይት ይዞ ይዘጋል። ተኳሹ የሚሠራው ቃታ መሳብ ብቻ ነው። ስምንት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ታቅፎ ከላይ ይገባል፤ ስምንተኛው ሲተኰስ ማቀፊያው እየጮኸ ተወርውሮ ይወጣል፤ መዝጊያውም ክፍት ሆኖ ይቆማል።

የታሪካችን ዋና ነጥብ የምትገኘው እዚህ ላይ ነው። ጋራንድ ለተኳሹ የተለየ መልቀቂያ አልሰጠውም። አዲሱ ማቀፊያ በአውራ ጣት ተገፍቶ ከቦታው ሲደርስ መዝጊያው ራሱ ይለቀቃል፤ ጣቱ ከዘገየች ይቈነጥጣታል። የአሜሪካ ወታደሮች ይህን ጉዳት «የኤም 1 አውራ ጣት» ብለው ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። መድኃኒቱም በቀኝ እጅ ጠርዝ የመዝጊያውን እጀታ እየደገፉ በአውራ ጣት መግፋት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ንድፎች ሁሉ መዝጊያውን መቼና በየትኛው ጣት እንልቀቀው ከሚለው ጥያቄ ጋር ሲታገሉ የኖሩ ናቸው።

የእኛ ሠራዊት ከዚህ ጠብመንጃ ጋር በሰፊው የተዋወቀው በኮርያ ነው። በ1943 ዓ.ም. የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተመድቦ በአሜሪካ መሣሪያ ተዋጋ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የመከላከያ ስምምነት በኋላም ኤም 1 በወታደራዊ ዕርዳታ ስም ወደ አገራችን ገባ። አሜሪካ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ወደ ኤም 14 ስትሻገር፣ የቀድሞው ጠብመንጃ ለወዳጅ አገሮች መታደሉ የውጅግራን ዘመን ያስታውሰናል። ልዩነቱ ያን ጊዜ በዝሆን ጥርስ ይከፈል የነበረው አሁን በወዳጅነት መከፈሉ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታተ ምሕረት አጋማሽ፣ ከአርሲ ጋር በዘርና በቋንቋ አንድ በሆነው በባሌ ኦሮሞ ዘንድ በዋቆ ጉቱ መሪነት የተነሣውና እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየው አመፅ የገጠመው በአሜሪካ መሣሪያ የታጠቀ ሠራዊት ነበረ። በዚያም ቢሆን ተራራው፣ ቆላውና ሌሊቱ ለዓመታት ያህል የመሣሪያውን ብልጫ አቻችለውታል። የአዙሌ ትምህርት ያልተረሳ ይመስለኛል።

ኤም 14 ሀያ ጥይት የሚይዝ፣ የሚወጣና የሚገባ ካዝና ይዞ መጣ። ካዝናው ባዶ ሲሆን በግራ ጎን ያለች ምላስ መዝጊያውን ይዛ ታቆመዋለች፤ ለመልቀቅ ግን በቀኝ በኩል ያለውን እጀታ ጥቂት ወደ ኋላ ስቦ መተው ያስፈልጋል። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ አገራችን ወደ ሶቪየት መሣሪያ ስትዞር የመጣው ሲሞኖቭም አሥር ጥይቱ ሲያልቅ መዝጊያው ተከፍቶ ይቆማል፤ እርሱም የሚለቀቀው እጀታውን በመሳብ ነው። ክላሽንኮቭ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ቈረጠው። መዝጊያውን የሚያቆም ነገር የለውም፤ ጥይት ሲያልቅ ባዶውን ይዘጋል፤ ተኳሹ ካዝና ለውጦ እንደገና ያቀባብላል። በጥንካሬ አሸነፈ፤ በፍጥነት ግን ጥቂት ከሰረ። ብዙ ሚሊዮን ገበሬና ወታደር ይህን ኪሳራ ሳያስተውለው ኖሯል። ንድፍ አውጪ ለራሱ ሙያ የሚያሳየው ፍቅር ተጠቃሚው ከሚፈልገው አልፎ እንደሚሄድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ዩጂን ስቶነር በነደፈው፣ በኋላ ኤም 16 በተባለው ጠብመንጃ ላይ መልቀቂያው ለብቻው በግራ ጎን ተሠራ፤ በግራ አውራ ጣት ወይም በመዳፍ ይመታል። በመግቢያዬ ላይ የጠቀስሁት ማስረዘሚያ በብዛት የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ነው። አንዳንዱ መምቻውን ብቻ ያሰፋዋል፤ አንዳንዱ በቃታው ጥበቃ በኩል ወደ ቀኝ አልፎ፣ ቃታ የምትስበው ጣት ከፍ ብላ እንድትለቀው ያደርጋል። ለኤም 14ም ቢሆን እጀታውን ሳይስቡ ከግራ ጎን በአውራ ጣት የሚጫኑት ረዘም ያለ መልቀቂያ ተሠርቶለታል።

የማንሻን ሕግ ለአባላት ማስተማር አያስፈልግም፤ ክንዱ እጥፍ ሲረዝም የሚጠይቀው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚጓዘው መንገድ ግን እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ በተቋቋመው በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዘመን ከትራክተርና ከእህል ማጨጃ ጋር የሠሩ የሙያ ጓደኞቻችን ነገሩን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ነጂው ከመቀመጫው ሳይነሣ እንዲደርስበት የተቀጠለ ማንሻ ሥራውን ያቀላል፤ ነገር ግን መንቀጥቀጡ ሲበዛ ራሱ በራሱ ይንቀሳቀሳል። በጠብመንጃውም ላይ እንዲሁ ነው። ምላሷ በደካማ ሞላ የተመዛዘነች ስለሆነች፣ በላይዋ የተቀጠለው ክብደት በተኩስ ግፊት ጊዜ አለ ሰዓቷ እንድትነሣ ወይም በሰዓቷ እንዳትነሣ ሊያደርግ ይችላል። ከዚህም በላይ ጣትን ከቃታ አጠገብ በሌላ ሥራ ማሠማራት አደጋ አለው። መዝጊያው በተዘጋበት ቅጽበት ጠብመንጃው ጎርሷልና፣ ያች ጣት ብትንሸራተት የሚያርፍባት ቦታ ቃታው ነው።

እንግዲህ ጥቅሙ ለማን ነው? ግራኝ ለሆነ ተኳሽ፣ አንድ እጁ ለተጐዳ ሰው፣ በሰኮንድ ክፋይ ለሚወዳደር ስፖርተኛ እውነተኛ ጥቅም አለው። ለጦር ሜዳ ግን ብዙ ይፈይዳል ብዬ አላምንም። ከ20 ሰኮንድ ወደ 6 መውረድ የአንድን ሕዝብ የውጊያ ስልት ከንቱ አደረገ፤ ከ6 ወደ 2 መውረድ የጦር አሰላለፍን ለወጠ፤ ከ1 ወደ ግማሽ መውረድ የገበያን ማስታወቂያ ብቻ ነው የለወጠው። በዘመናዊ ውጊያ ወታደር ብቻውን አይተኵስም፤ እርሱ ካዝና ሲለውጥ ጓደኛው ይተኵሳልና ፈረሰኛ የሚገባበት ክፍተት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

በወታደራዊ ዕርዳታ የገቡት ኤም 1 ጠብመንጃዎች በየግምጃ ቤቱ ለብዙ አሠርት ዓመታት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአስመጪ ነጋዴዎች ተገዝተው ወደ አሜሪካ ተመልሰዋል። በዚያም «የኢትዮጵያ ጋራንድ» እየተባሉ ለአሮጌ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ይሸጣሉ። ገዥው ሣጥኑን ከፍቶ አቧራውንና የደረቀውን ቅባት ይጠርጋል፤ እንጨቱን ዘይት ይቀባል፤ ከዚያም ስምንቱን ጥይት በማቀፊያው አድርጎ በአውራ ጣቱ ይገፋል፤ ጣቱንም ቶሎ ያነሣል።